ሦስተኛው በቃኝ

ሥራዬ የሰው ስህተት መፈለግ ነው። ሄንደርሰን ከተማ ያለ አንድ ቢሮ ውስጥ፣ ሌሎች የጻፉትን ፕሮግራም ተቀብዬ የት ጋ እንደሚበላሽ እስካገኝ ድረስ ስነካካው እውላለሁ። ባሌ ይሄንን ሥራ ቤትም ይዤው እንደምገባ ይናገራል። ካልሲውን ከሶፋ ሥር ባወጣሁበት ቁጥር «ዛሬም ኦቨርታይም ላይ ነሽ?» ይለኛል። እንግዲህ እንዲህ ያለች ሰው ለስድስትና ለሰባት ዓመት ሕፃናት ኮዲንግ ታስተምር የሚለው ሐሳብ ከማን ጭንቅላት እንደወጣ ጠይቁኝ። ከራሴው ነው።

የሐበሻ ኮሚኒቲያችን አዳራሽ ስፕሪንግ ቫሊ ሰፈር ውስጥ፣ በጎማ ቤትና በጥፍር ማስዋቢያ ቤት መሃል ተሰንቅሮ ይገኛል። ቅዳሜ ጠዋት ባዶውን ነበር የሚውለው። ቅዳሜ ደግሞ ካዚኖዎቹ በተደረደሩበት ስትሪፕ ላይ ጥሩ ቲፕ የሚገኝበት ቀን ስለሆነ ወላጅ ሁሉ ሺፍት ይገባል፤ ልጆቹ ስልክ ላይ አፍጥጠው ይውላሉ። «ስልክ ላይ ከሚያፈጡ ወደ እኔ አምጧቸው፤ ስልኩ ውስጥ ያለው ነገር እንዴት እንደሚሠራ ላሳያቸው» አልኩ። በማግስቱ ስልኬ በእናቶች ጥሪ ጋለ። አፌን ምነው በቆረጠው ያልኩት የዚያን ቀን ነው።

ኮምፒዩተር አልነበረንም፤ ለጀማሪ አያስፈልግምም። ኮምፒዩተር ማለት የነገሩትን ብቻ፣ እንደነገሩት የሚያደርግ ሞኝ ነው። ኮዲንግ ደግሞ ለዚያ ሞኝ ምን ከምን ቀጥሎ እንደሚሠራ አንድ በአንድ መንገር ነው፤ ሌላ ምሥጢር የለውም። ስለዚህ የሚያስፈልገን አንድ ታዛዥ ሞኝ ብቻ ነበር። እሱንም ከወላጆች መካከል አገኘነው። ሊሞዚን የሚነዳ፣ ሌሊት ሙሉ ሠርቶ ቅዳሜ ጠዋት ጥቁር ሱፉን እንደለበሰ ልጆቹን ይዞ የሚመጣ ረጅም ሰው ነው። «ሮቦት ትሆንልኛለህ?» ስለው «ሌሊቱን ሙሉ ሮቦት ነበርኩ፤ ምን ልዩነት አለው» ብሎ መሃል አዳራሽ ላይ ተገተረ።

ልጆቹ ትእዛዝ የተጻፈባቸውን ካርዶች መሬት ላይ ይደረድራሉ፤ እሱ እያነበበ ያደርጋል። የመጀመሪያው ቀን «ወደ ፊት ሂድ» የሚለውን አስቀምጠው «ቁም» የሚለውን ረሱት። ሰውዬው ሄደ፣ ሄደ፣ ግድግዳው ጋ ደረሰ፤ አፍንጫውን ግድግዳው ላይ ለጥፎ እዚያው እግሩን ማንሳትና መጣል ቀጠለ። ፊቱ ላይ አንዲት ፈገግታ የለችም። ልጆቹ መሬት ላይ ተንከባለሉ።

«ሮቦቱ ተሳሳተ?» ብዬ ጠየቅኋቸው።

«ኖ!»

«ማን ነው የተሳሳተው?»

«እኛ!» አሉ፣ በደስታ። ስህተቱን አምኖ እንዲህ የሚጮህ ሰው ቢሮዬ ውስጥ አንድ እንኳን የለም።

ከክፍሉ አንዲት ዝምተኛ ነበረች። ስድስት ዓመቷ ነው፤ ካርድ ሲሰጧት ትደረድራለች፣ አንሺ ሲሏት ታነሳለች፣ አፏን ግን አትከፍትም። ከጓደኞቿ ጋር በእንግሊዝኛ ስትንሾካሾክ እሰማታለሁ፤ እኔ ስጠጋ ጭጭ ነው። እናቷ ካዚኖ ውስጥ ሌሊት ስለምትሠራ ቀን ቀን የሚይዟት አያቷ ናቸው። ችግሩ አያቷ ሌላ ሰው አለመሆናቸው ነው፤ የኮሚኒቲው ሊቀመንበር፣ የአዳራሹ ቁልፍ ያዥ ናቸው።

እሳቸው ከሁላችንም በፊት፣ በሱዳን በኩል አልፈው የመጡ ናቸው። አንድ ሆቴል በር ላይ ቆመው ለእንግዳ በር ሲከፍቱ ኖረው ጡረታ ወጥተዋል። በሐምሌ ሙቀት፣ የመኪና መሪ እጅ በሚያቃጥልበት ቀን፣ ኮትና ክራቫት ያደርጋሉ። የቆመ ሰው አይተው አይቀመጡም፤ የተቀመጠ ልጅ አይተው ደግሞ አያልፉም፤ ያስነሱታል። ሕልማቸው ቅዳሜ ቅዳሜ ለልጆች ግብረ ገብ ማስተማር ነበር። እኔ አዳራሹን ቀድሜ ያዝኩባቸውና ቂም ያዙ።

አንድ ቅዳሜ የልጅ ልጃቸውን ሊወስዱ ቀደም ብለው መጡ። በሩን ሲከፍቱ የሚያዩት ምንድን ነው? ከወገብ የማይደርሱ ልጆች አንድ ሱፍ የለበሰ የቤተሰብ ኃላፊ ከበው «ቁም! ዙር! ቁጭ በል! ተነስ!» እያሉ ይጮሁበታል።

«ምንድን ነው ይሄ?» አሉ።

«ኮዲንግ ነው ጋሼ።»

«እኔ የማየው ኮዲንግ አይደለም፤ ሻለቃዎች ነው የማየው።» ወደ ሰውዬው ዞረው ባርኔጣቸውን አነሱ። «እንደምን አደርክ ልጄ?»

ሮቦቱ አልመለሰም። እንደተገተረ ከጭንቅላታቸው በላይ ያለውን ሰዓት ያያል። ጥፋቱ የኔ ነው፤ «ካርድ ላይ ያልተጻፈ ነገር እንዳታደርግ» ብዬው ነበር።

«ሰላም ብዬው ዘጋኝ!»

«ጋሼ፣ አይቀየሙት፤ ሰላም በል የሚል ካርድ ስላልተሰጠው ነው» አልኩ። በሕይወቴ የሞኝ ንግግር ተናግሬ አውቃለሁ፤ ከዚህ የሚብስ ግን አላስታውስም።

ወደ ውጭ ጠሩኝ። ጎማ ቤቱ ጥላ ሥር ቆመን ይቆጡኛል ብዬ ስጠብቅ ድምፃቸው ዝቅ አለ።

«ያቺን ልጅ ታያታለሽ? በእጄ ነው ያሳደግኋት። ጠዋት እንደምን አደርሽ እላታለሁ፤ አንገቷን ትነቀንቃለች። ምን ላብላሽ እላታለሁ፤ በጣቷ ታሳየኛለች። አንድ የአማርኛ ቃል ከአፏ ሰምቼ አላውቅም። እኔ ነገ ብሞት፣ ይህች ልጅ በምን ቋንቋ ነው የምታለቅሰኝ?» ክራቫታቸውን አስተካከሉ። «አሁን ደግሞ ኮምፒዩተር ይጨመርባት። ለኮሚቴው አቅርቤዋለሁ። ኮምፒዩተራችሁ አክብሮት የሚያስተምር ከሆነ፣ በሚቀጥለው ቅዳሜ መጥተን እናያለን። ካልሆነ ግን ቅዳሜ የግብረ ገብ ነው።»

ቤቴ እስክገባ መሪውን እየደበደብኩ ነዳሁ። ንድድ ነው ያልኩት! ሌላ አዳራሽ የለም፤ አዳራሹ ከሄደ ክፍሉ አለቀለት፣ ልጆቹም ወደ ስልካቸው። ግን ደግሞ ስለ ልጅቷ ያሉት እውነት ነው፤ እኔም አንድ የአማርኛ ቃል ሰምቻት አላውቅም። ባሌ የሆነውን ሁሉ ሰምቶ «አክብሮት ከፈለጉ አክብሮት ስጫቸው» አለና ካልሲውን እዚያው ጥሎ ተኛ።

አክብሮት እሰጣቸዋለሁ ብዬ ተነሳሁ። በሳምንቱ መሃል ልጆቹንና ሮቦቱን ጠርቼ አዲስ ፕሮግራም ሠራን፤ ስሙ «እንግዳ መቀበል»። ሮቦቱ በር ይከፍታል፤ ጎንበስ ብሎ «እንደምን አደሩ» ይላል፤ ወንበር ይስባል፤ ሳህን ያቀርባል። ከዚያ የፕሮግራሙ እምብርት ይመጣል፦ «አንድ ጭልፋ ጨምር»፤ ቀጥሎ «እንግዳው በቃኝ እስኪል ድገም»። በቃኝ ሲል ሳህን ይነሳል፤ «እግዜር ይስጥልን» ይባላል፤ እንግዳው እስከ በር ይሸኛል። የድግግሞሽን ትምህርት ለማስተማር ከዚህ የተሻለ ምሳሌ ከየት ይመጣል? በራሴ ኮራሁ።

ፈተሽነውም። ልጆቹን ተራ በተራ እንግዳ አድርገን አስቀመጥናቸው። ኮርንፍሌክስ በጭልፋ ተጨመረላቸው፤ ሲበቃቸው «በቃኝ» አሉ፤ ሮቦቱ አቆመ። አንድ ጊዜ እንኳን አልተበላሸም። አንዱ «ቲቸር፣ ዳንስ ደግሞ እንጨምርበት» ሲለኝ ቢሮ ዘወትር የምንለውን አልኩት፦ «የሚሠራ ነገር አይነካም!» ልጆቹ ቃሉን ወደዱትና በዜማ አደረጉት።

ቅዳሜ ደረሰ። ሊቀመንበሩ ከሁለት የኮሚቴ አባሎች ጋር መጡ። ሁለቱ፣ እሳቸው ሲስቁ የሚስቁ፣ እሳቸው ሲያስሉ የሚያስሉ ሰዎች ናቸው። ሊቀመንበሩ ከማለዳው ጀምሮ ጎማ ቤቱ ውስጥ ወረፋ ሲጠብቁ ስለነበር ቁርስ አልቀመሱም። አንዷ እናት ለዕለቱ ክብር ጨጨብሳ ሠርታ አምጥታለች፤ ቅቤውና በርበሬው አዳራሹን ሞልቶታል። አፍንጫቸው አንድ ጊዜ ስትሰፋ አየኋት። በልቤ «ገቡልኝ» አልኩ።

«ጋሼ፣ እንግዳው እርስዎ ነዎት» ብዬ ወደ ውጭ አስወጣኋቸውና እንዲያንኳኩ ነገርኳቸው።

ሮቦቱ በር ከፈተ። ጎንበስ ብሎ «እንደምን አደሩ» አለ። ፊታቸው በራ፤ ዞረው ኮሚቴውን አዩ፤ ኮሚቴውም በራ። ወንበር ተሳበላቸው። ሳህን ቀረበ። ሮቦቱ አንድ ጭልፋ ጨጨብሳ አደረገላቸው። እሳቸውም፣ ጨዋ ያሳደጋቸው ሰው አይደሉ፣ ሁለት እጃቸውን ሳህኑ ላይ ዘርግተው «ኧረ በቃኝ! በቃኝ! ይሄን ሁሉ ማን ሊበላው!» አሉ።

ሮቦቱ ቆመ።

የሚሆነውን ከሰው ሁሉ ቀድሜ ያየሁት እኔ ነኝ። ጭልፋውን አስቀመጠ። ሳህኑን፣ አንዲት ጉርሻ ያልተነካችበትን ሳህን፣ ከእጃቸው ሥር ሳብ አድርጎ ወሰደ። «እግዜር ይስጥልን» አለ። ከዚያ ወንበራቸውን ወደ ኋላ ስቦ፣ በሩን ወለል አድርጎ ከፍቶ፣ እንዲወጡ ጎንበስ አለ። ውጭ ያለው ግለት ገባ።

ሊቀመንበሩ እጃቸው ሳህን በነበረበት ቦታ ላይ እንደተዘረጋ ቀረ። ዕድሜ ልካቸውን ለሰው በር ሲከፍቱ ኖረዋል፤ በር ተከፍቶላቸው እንዲህ ሲባረሩ ግን የመጀመሪያቸው ነው።

ኧረ የኔ ነገር! ስህተት ፈልጊ ተብዬ የምበላ ሰው፣ ፕሮግራሙን የፈተሽኩት በልጆች ነው። ልጅ በቃኝ ሲል በቅቶታል። እኛ ትልልቆቹ መጀመሪያ በቃኝ ስንል ጨዋ ነኝ ማለታችን ነው። ሁለተኛው ለምኑኝ ነው። ይሄንን የማያውቅ ሐበሻ የለም፤ እኔም ከእናቴ ጡት ጋር ነው የጠባሁት፤ ካርድ ላይ ስጽፈው ግን ከጭንቅላቴ ብን ብሎ ጠፋ።

«ይሄ ነው አክብሮቱ?» አሉ ሊቀመንበሩ ቀስ ብለው። «እንግዳ ሳይቀምስ ማባረር?» ኮሚቴው ራሱን ነቀነቀ። እናትየዋ «ወይኔ ጨጨብሳዬ» ብላ አፏን ያዘች። ሮቦቱ በሩን እንደያዘ ነው፤ ዝጋ የሚል ካርድ የለውማ።

ያን ጊዜ ዝምተኛዋ ከጥጉ ተነሳች። ማንንም ሳታይ መሃል ለመሃል ሄዳ ካርዶቹ ጋ ቁጢጥ አለች። «በቃኝ እስኪል ድገም» የሚለውን አነሳችና ወደኔ ያዘችው።

«ይሄ ሮንግ ነው» አለች። «አባባ የምሩን አይደለም። አባባ ቤት ሁልጊዜ በቃኝ ይላል። ከዛ ይበላል። እማዬ በሞቴ ትላለች። ከዛ ደግሞ በቃኝ ይላል። ከዛ ደግሞ ይበላል። ሦስት ሲሆን ነው የሚጠግበው።»

ቃሎቹ የእንግሊዝኛ ለዛ ነበራቸው፤ ቢሆንም ቁጭ ያለ አማርኛ ነው። ሊቀመንበሩ አስተርጓሚ እንደሚፈልግ ሰው ወደኔ ዞሩ።

«ምን አለች?»

«ጨጨብሳውን ይፈልጉታል አለች፣ ጋሼ።»

ለካ ልጅቷ ስታዳምጥ ነው የኖረችው። አያትየው አንድ ቃል ከአፏ ሲጠብቁ፣ እሷ የሳቸውን እያንዳንዱን በቃኝ ስትቆጥር ከርማለች። ማርከር ወስዳ ካርዱ ላይ ትልቅ 3 ጻፈች። ሌላ ባዶ ካርድ አነሳችና «በሞቴ እዚህ ጋ» ብላ ሰጠችኝ፤ ጻፍኩላት።

«እንደገና!» አሉ ልጆቹ።

ሊቀመንበሩ ወጥተው አንኳኩ። በር ተከፈተ፣ እንደምን አደሩ ተባለ፣ ወንበር ተሳበ፣ ጨጨብሳው ቀረበ። «በቃኝ» አሉ፣ በፍርሃት ሳህናቸውን በሁለት እጅ ጨምቀው።

«አንድ!» ብሎ ክፍሉ ሁሉ ጮኸ።

«በ-ሞ-ቴ» አለ ሮቦቱ፣ አንዲት የፊቱ ጡንቻ ሳትነቃነቅ፤ ጨመረ። እኔ ራሴን መያዝ አቃተኝ። የኮሚቴው አባሎች መጀመሪያ ሊቀመንበሩን አዩ፤ ከዚያ ሳያስፈቅዱ ሳቁ። ሁለተኛው በቃኝ፣ ሁለተኛው በሞቴ። ሦስተኛው ላይ ሳህኑ ተራራ ሆኖ እሳቸው የእውነት «ኧረ በቃኝ በማርያም!» አሉ፤ ሮቦቱ ቆመ። ጭብጨባ ሆነ። አንዱ ልጅ «አምስት ጊዜ እናድርገው!» ሲል ሌሎቹ በዜማቸው መለሱለት፦ «የሚሠራ ነገር አይነካም!» ሊቀመንበሩ እያላመጡ ጆሯቸውን አቀኑ።

በሉ፤ ጥርግ አድርገው በሉ። አፋቸውን በመሐረብ ሲጠርጉ እኔ መጠበቅ አልቻልኩም።

«እንግዲህ ጋሼ፣ አዳራሹን ይተዉልናል?»

መሐረባቸውን አጣጠፉ። ሊቀመንበርነታቸው ተመለሰ።

«አይሆንም» አሉ።

ልጆቹ ተያዩ። ከጠረጴዛው ጫፍ ግን አንዲት ቀጭን ድምፅ ተሰማች፤ የዚህን ጊዜ ብቻዋን ነች።

«አንድ።»

አያትየው ጎንበስ ብለው አዩዋት። አንድ ጣቷን ቀስራ ቆማለች። ከዚያ «አይሆንም አልኩ» አሉ፤ ድምፃቸው ግን የሚከለክል ሰው ድምፅ አልነበረም። ገባኝ። ስትቆጥር መስማት አምሯቸው ነው።

«ሁለት» አለች።

ሕጉን ሁላችንም አሁን አይተነዋል፤ ሦስተኛው የምር ነው። ሮቦቱ ጭልፋውን ጨብጦ ቀርቷል። እሳቸው አንዴ ቢደግሙት «ሦስት» ስትል ይሰሟታል፤ አዳራሹ ግን አበቃለት። አፋቸውን ከፈቱ።

ልጅቷ ሦስተኛ ጣቷን አላነሳችም። ተጠግታ ትንሿን መዳፏን አፋቸው ላይ አደረገች።

«አባባ፣ አትበል» አለች። «ክላሴ ነው። አትበል።»

ዓይናቸው ሞላ። መዳፏን ቀስ አድርገው አወረዱት።

«እሺ፣ አልልም» አሉ።

ኮሚቴው «ጸደቀ» አለ። ሮቦቱ ያን ጊዜ ነው ማንም ሳያዘው ወንበር ላይ ዘፍ ብሎ ጨጨብሳ መብላት የጀመረው።

ዕቃችንን ሰብስበን ስንወጣ ሊቀመንበሩን ፓርኪንግ ሎቱ ላይ አገኘኋቸው። ልጅቷን መኪና ውስጥ አስገብተው፣ ኤሲውን ከፍተውላት፣ እሳቸው ፀሐይ ላይ በኮታቸው ቆመዋል። ላመሰግናቸው ስቀርብ ቀደሙኝ።

«ሰማሻት አይደል?»

«ሰማኋት ጋሼ።»

«አትበል አለችኝ።»

እፍረት ተሰማኝ። የግብረ ገቡ ሰው፣ በኮሚቴ ፊት፣ በስድስት ዓመት ልጅ አንተ መባላቸው ነው።

«ይቅርታ ያድርጉልኝ ጋሼ፤ ልጅ ሆና ነው። ቅዳሜ ቀስ ብዬ አንቱ ማለቱን አስተምራታለሁ።»

የመኪናውን በር ይዘው ዘወር አሉ። እንደዚያን ቀን ተቆጥተውኝ አያውቁም።

«እንዳታደርጊው! አንቺ አይደለሽ እንዴ የሚሠራ ነገር አይነካም እያልሽ የምታስዘምሪያቸው? እንዳትነኪያት!»